ዕቁቡ ወጣልኝ፤ ጃፓን ሄጄ አበባ ማየት ራስ ወዳድነት ነው?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ላይ አነባለሁ። ዛሬ ደግሞ የራሴን ጣጣ ይዤ መጣሁ።

ዕድሜዬ 43 ነው። ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ የነርስ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። አላገባሁም፣ ልጅም የለኝም። አሜሪካ ከመጣሁ 16 ዓመት ሆነኝ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዕረፍት ወጣሁ ማለት አዲስ አበባ ሄድኩ ማለት ነው። ሄጄም አላርፍም። ሻንጣ ማከፋፈል፣ ለቅሶ መድረስ፣ ሠርግ፣ እናቴን ሐኪም ቤት ማመላለስ ነው።

በየዓመቱ ማርች ሲያልቅ፣ ከሌሊት ሥራ ወጥቼ ቤቴ ሳልገባ ዋሽንግተን ታይዳል ቤዚን እሄዳለሁ። ውኃው ዳር ያሉት የጃፓን የቼሪ ዛፎች ሲያብቡ ማየት እወዳለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አንድ ቀን ጃፓን ሄጄ አገሩ ላይ አየዋለሁ እያልኩ ነው። ባለፈው ወር ዕቁብ ወጣልኝ፤ 12,000 ዶላር። ጉዞውን ሳሰላው 4,500 ገደማ ይፈጃል። የሁለት ሳምንት ፈቃድም አለኝ።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ቤት ጀምሯል። ለፊኒሺንግ 8,000 ዶላር እንድልክለት ይፈልጋል። «ሲያልቅ እማዬም ምድር ቤቱ ትገባለች» ይለኛል። እማዬ ግን «ከዕድሬና ከጎረቤቶቼ አልለይም» ነው የምትለው። ለእሷ በየወሩ የምልከውን አቋርጬ አላውቅም። ለወንድሜ ዕቁቡ ገና አልወጣልኝም ብዬ ዋሽቼዋለሁ። የጃፓኑን ሐሳብ ለእማዬ ጣል ሳደርግላት ደግሞ «ይህ ሁሉ ብር አበባ ለማየት ነው? ደጅሽ ላይ የለም እንዴ?» አለችኝ። አፈርኩ። ስሄድ ለሥራ ሥልጠና ተላክሁ ልላቸው አስቤያለሁ።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው፤ እኔ ደግሞ ጾም አልሽርም። ብቻዬን ነው የምሄደው። ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ያን ያህል ርቀት ሄጄ አበባው ረግፎ ብደርስስ የሚለው ነው። ምን ይመክሩኛል? ራስ ወዳድ ሆኜ ይሆን?

ባለዕቁቧ፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦

የኔ እህት፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ከጃፓኑም ከወንድምሽ ቤትም በላይ ያሳሰበኝ ሁለቱ ውሸቶች ናቸው፤ አንዱ የተነገረው፣ ሌላው ገና የታሰበው። ልወቅስሽ አይደለም። አንቺ ውሸታም ሰው አትመስዪኝም። 16 ዓመት ሙሉ እናትሽን ሳታቋርጪ የጦርሽ ሰው ነሽ። ታዲያ እንዲህ ያለች ሴት ለምን መዋሸት አስፈለጋት? እኔ እንደሚመስለኝ «ለታመመ ነው»፣ «ለሠርግ ነው»፣ «ለቤት ነው» ብትይ ማንም ምክንያትሽን አይመረምርም። «ለራሴ ነው» ማለት ግን ከአፍሽ አልወጣ አለ። አንድም ጊዜ ብለሽው ስለማታውቂ ይሆናል።

ለጥያቄሽ ቀጥተኛ መልስ ልስጥሽ። አይ፣ ራስ ወዳድ አይደለሽም። ሂጂ። ግን ተደብቀሽ አትሂጂ።

መጀመሪያ ገንዘቡን እንይ። ቤተሰብ ዕቁብ ወጣ ሲባል ሎተሪ የወጣ ይመስለዋል። አንቺ ግን ታውቂዋለሽ፤ በየወሩ ከደመወዝሽ ቀንሰሽ የጣልሽው የራስሽ ገንዘብ ነው። ደግሞ ወጣልሽ እንጂ አላለቀም። ዙሩ እስኪሞላ ድረስ መጣልሽን ትቀጥያለሽ። 8,000ውን ለወንድምሽ፣ 4,500ውን ለጉዞው ብትዪ ከ12,000ው አልፈሽ 500 ዶላር ትበደሪያለሽ፤ በዚያ ላይ የየወሩ መዋጮ አለ። ስለዚህ ሁለቱንም እንዳለ ማድረግ አትችዪም። ይህን ቁጥር ወረቀት ላይ አስቀምጪው። በስልክ ስትለመኚ ልብሽ ይራራል፤ ወረቀቱ ግን ያው ነው።

እስቲ ልጠይቅሽ። ነገ ብትታመሚ ወይም ከሥራ ብትቀነሺ ለሦስት ወር ኪራይ የሚሆን የተቀመጠ ገንዘብ አለሽ? ከሌለሽ፣ ከጉዞውም ከወንድምሽም በፊት እሱ ይቅደም። ብቻዋን ለምትኖር ሠራተኛ ይህ ቅንጦት አይደለም። ሁለተኛ፣ ወንድምሽ ቤቱ ዘንድሮ ባያልቅ ምን ይጎድልበታል? ልጅ ታሞበት ቢሆን ወይም ከኪራይ ቤት ሊባረር ቢሆን ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር። ኖራና ሴራሚክ ግን አንድ ክረምት ቢቆይ የሚሞት ሰው የለም። ሦስተኛ፣ እናትሽ እዚያ ቤት መግባት ትፈልጋለች? አንቺው የጻፍሽውን ልመልስልሽ፤ «ከዕድሬና ከጎረቤቶቼ አልለይም» ብላለች። ስለዚህ የወንድምሽ ጥያቄ የወንድምሽ ጥያቄ ነው። የእናትሽ ስም ስለገባበት የእናትሽ አይሆንም። ክፉ አስቦ ነው አላልኩም። ምናልባት እውነት እሷን ከጎኑ ማድረግ ይመኛል። አንቺ ግን እሷ የምትፈልገውን ከራሷ አፍ ስሚ።

ለወንድምሽ የምትሰጪው ነገር ካለ፣ ሰጥተሽ የማታዝኚበትን ያህል ስጪው። 2,000 ይሁን፣ 1,000 ይሁን አንቺ ታውቂያለሽ። ብድር ነው ብለሽ አትላኪ፤ እንደማይመለስ ሁለታችሁም ታውቃላችሁ። አነጋገሩ ከከበደሽ እንዲህ ጀምሪው፦ «ወንድሜ፣ ባለፈው ዕቁቡ አልወጣም ያልኩህ እውነት አልነበረም። ወጥቶልኛል። መናገር ከብዶኝ ነው። ይህን ያህል እልክልሃለሁ፤ ከዚህ በላይ ዘንድሮ አልችልም። ለራሴ የያዝኩት ነገር አለ።» ከዚያ ዝም በዪ። ይቀየምሽ ይሆናል። «አበባ ለማየት?» ብሎም ይስቅብሽ ይሆናል። ይሳቅ። ቂም አልፎ ይታረቃል፤ ሥልጠና ነው ብለሽ ሄደሽ ፌስቡክ ላይ አንድ ጓደኛሽ ፎቶሽን የለጠፈች ቀን ግን ገንዘቡም ይረሳና ወሬው ውሸቱ ብቻ ይሆናል።

የእናትሽ ነገር ይለያል። «ደጅሽ ላይ የለም እንዴ?» ማለቷ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ አትፈሪበት። አለ። ያውም ታይዳል ቤዚን ዳር የምታዪያቸውን ዛፎች በ1912 የላከችው ራሷ ቶኪዮ ናት፤ ከንቲባዋ ዩኪዮ ኦዛኪ በነበሩ ጊዜ፣ ከ3,000 በላይ ዛፍ። ስለዚህ ለአበባው ብቻ ከሆነ እማዬ ልክ ናት፣ አውቶቡስ ይበቃሻል። እኔ ግን አንቺ የምትሄጂው ለአበባው ብቻ አይመስለኝም። እስቲ አስቢው፤ የምትፈልጊው ጃፓንን ነው ወይስ ማንም ስምሽን የማይጠራበት ሁለት ሳምንት? ሁለቱም ቢሆን ነውር የለውም። መልሱ ዕረፍቱ ብቻ ከሆነ ግን በግማሽ ዋጋ ቅርብ ቦታም ይገኛል። መልሱ ጃፓን ከሆነ ደግሞ ለእናትሽ በምታውቀው ነገር አስረጃት። አደይ አበባ ጥር ላይ ይገኛል? መስከረምን ያላየ የአደይን መስክ አያይም፤ ይህም እንደዚያው ነው በያት። አዲስ አበባ ለኖረች እናት ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ዋሽንግተን ያለው ዛፍ ከጃፓኑ ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ምን ይለያል ካልሽኝ፣ ሰዉ ነው የሚለየው። ዋሽንግተን ሰው እየተራመደ፣ ፎቶ እያነሳ ያልፋል። ቶኪዮ ኡዌኖ ፓርክ ብትሄጂ ሰው ከዛፉ ሥር ይቀመጣል። ገና በጠዋቱ ሰማያዊ ላስቲክ መሬት ላይ ተነጥፎ፣ ቦታ የሚጠብቅ ወጣት ሠራተኛ ብቻውን ተቀምጦ ታገኚያለሽ፤ አለቆቹ ማታ ከሥራ ሲወጡ ይመጣሉ። ሁሉም ጫማውን አውልቆ ከላስቲኩ ጠርዝ ላይ ይደረድራል። የአያት ነጠላ ጫማ፣ የሕፃን ስኒከር፣ የቢሮ ሰው ጥቁር ጫማ ጎን ለጎን። መሐል ላይ ምግብ አለ፣ መጠጥ አለ፣ ወሬ አለ። አበባው እየረገፈ ሳህኑ ውስጥ ይወድቃል፤ ማንም አያራግፈውም። አንቺም መቶ የን ከሚሸጥበት ሱቅ አንዲት ላስቲክ ግዢና ተቀመጪ። የሞቅታ ጫጫታ ካልወደድሽ ሺንጁኩ ግዮየን የሚባለው መናፈሻ አልኮል ስለማያስገባ ይረጋጋል። ሌሊት ሠርታ ቀን ለምትተኛ ሴት፣ በጠራራ ፀሐይ ዛፍ ሥር ያለ ሥራ መቀመጥ ራሱ መድኃኒት ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ፍርሃትሽ እንምጣ፤ ረግፎ ብደርስስ? ፍርሃትሽ ከንቱ አይደለም። የጃፓን ሜትሮሎጂ ኤጀንሲ ቶኪዮ ውስጥ ያሱኩኒ በሚባለው መቅደስ ግቢ አንድ የተመረጠ ዛፍ አለው። ባለሙያው እየሄደ፣ የቴሌቪዥን ካሜራ ከኋላው ተደርድሮ፣ ቀና ብሎ አበባ ይቆጥራል። አምስት ወይም ስድስት ሲፈነዳ ቶኪዮ አበበች ተብሎ ይታወጃል። ይህ አዋጅ በ2023 የወጣው ማርች 14 ነው። በቀጣዩ ዓመት ማርች 29። ያው ዛፍ፣ ያው ከተማ፣ የሁለት ሳምንት ልዩነት! ክረምቱ መክበዱና ማርች መሞቁ ነው የሚወስነው። ከአዋጁ በኋላ ሙሉ በሙሉ እስኪያብብ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ከዚያ ነፋስና ዝናብ ካልቸኮለበት ሌላ ሳምንት ይቆያል።

አብዛኛው ዛፍ ሶሜይ ዮሺኖ የሚባል ዘር ነው። ከፍሬ አይበቅልም። ቅርንጫፉ ተቆርጦ ሌላ ግንድ ላይ እየተቀጠለ ነው የሚባዛው። ስለዚህ ሁሉም የአንድ ዛፍ ቅጂ ነው፤ አንድ ከተማ ውስጥ ያለው ሁሉ አብሮ ያብባል፣ አብሮ ይረግፋል። አበባውን ቀርበሽ ብታዪው ከሮዝነቱ ነጭነቱ ያደላል፤ አምስት የአበባ ቅጠል አለው፣ የእያንዳንዱ ጫፍ ትንሽ ተሰንጥቋል። ዛፉ አረንጓዴ ቅጠል ከማውጣቱ በፊት ስለሚያብብ ከሩቅ ሲታይ ደመና ይመስላል።

መፍትሔው አገሩ ረጅም መሆኑ ነው። አበባው ከደቡብ ወደ ሰሜን ይጓዛል። ቶኪዮና ኪዮቶ ብዙ ጊዜ ከማርች መጨረሻ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ነው። ሴንዳይ ከቶኪዮ በፈጣን ባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ቀናት ዘግይቶ ያብባል። ሂሮሳኪ ደግሞ ሰሜን ጫፍ አኦሞሪ ውስጥ ነው፤ የድሮ ቤተ መንግሥት ግንብ አለው፣ አበባው ሲረግፍ ቦዩ ውኃው እስኪጠፋ በሮዝ ይሸፈናል። እሱ ግን ኤፕሪል አጋማሽ አልፎ ነው። ናራ ውስጥ ያለው የዮሺኖ ተራራ ከግርጌው ጀምሮ ወደ ላይ ስለሚያብብ፣ ታች ከረገፈብሽ ወደ ላይ መውጣት ነው። ሺንጁኩ ግዮየንም ቀድመውና ዘግይተው የሚያብቡ ብዙ ዓይነት ዛፎች አሉት።

ስለዚህ እኔ ብሆን ማርች 26 አካባቢ ገብቼ ኤፕሪል 8 አካባቢ እመለስ ነበር። መጀመሪያ ቶኪዮ አራት አምስት ሌሊት፣ ከዚያ ኪዮቶ አራት። የመጨረሻዎቹን ሦስት አራት ሌሊቶች አልይዛቸውም፤ ወይም ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ሆቴል እይዛለሁ። አበባው ፈጥኖ ካለፈ ወደ ሴንዳይ፣ ከዘገየ ደግሞ ቶኪዮ ላይ መቆየት። ትንበያ ከጥር ጀምሮ ይወጣና በየጊዜው ይታደሳል፤ ፌብሩዋሪ ላይ ማየት ጀምሪ። ያላገሩ ሰው ሁሉ የሚገዛው የሰባት ቀን የባቡር ፓስ ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ 50,000 የን ስለገባ፣ ለቶኪዮና ኪዮቶ ደርሶ መልስ አያዋጣሽም። ነጠላ ትኬት ግዢ። ሆቴሉን ግን አታዘግዪ፤ ኪዮቶ በዚያ ሰሞን ይሞላል፣ ይወደዳልም።

ጾሙን በተመለከተ፣ ማርች መጨረሻ ምንጊዜም ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። ፋሲካን ለማሳለፍ ብለሽ ብትጠብቂ የቶኪዮ አበባ አይጠብቅሽም። በእኛ አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. ለምሳሌ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው፤ ያኔ ዛፉ ሁሉ አረንጓዴ ሆኗል። እንግዲህ ጾመሽ መሄድ ነው። ይቻላል፣ ግን ጠንቀቅ በዪ። ጃፓን ውስጥ አትክልት ብቻ የሚመስል ሾርባና ወጥ በደረቀ ዓሣ መረቅ የተሠራ ነው። ኑድሉም፣ ቶፉው የሚነከርበትም እንዲሁ። «ሥጋ፣ ዓሣ፣ ዕንቁላል፣ ወተት፣ የዓሣ መረቅም አልበላም» የሚል ጽሑፍ በጃፓንኛ ስልክሽ ላይ ይዘሽ ሂጂና አሳያቸው። በየማዕዘኑ ያሉት ትንንሽ ሱቆች ጨዋማ ፕለም መሐሉ የገባበት የሩዝ ኳስ ይሸጣሉ፤ ያ ብዙ ቀን ያወጣሻል። በእንጨት የተሰካው ሮዝ፣ ነጭና አረንጓዴ የሩዝ ዳንጎ የአበባው ወቅት ጣፋጭ ነው። በጨው በተዘፈዘፈ የቼሪ ቅጠል የተጠቀለለው የባቄላ ጣፋጭም አለ። ኪዮቶ ውስጥ የቡድሃ መነኮሳት የጾም ምግብ የሚያቀርቡ ቤቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ምሳ ብቻ ስለሆኑ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዪ ከሆነ የመዝጊያ ሰዓታቸውን አስቀድመሽ ጠይቂ። የበዛ የእግር መንገድ ላለው ቀን እንዴት እንደምትጾሚ ደግሞ ከመሄድሽ በፊት የንስሐ አባትሽን አማክሪ። ይህን እኔ አልወስንልሽም።

ብቻሽን መሄድሽ አያስፈራኝም። ባቡሩ ሰዓቱን ያከብራል፣ በየሰፈሩ ትንሽ የፖሊስ ጣቢያ አለ፣ ብዙ የቶኪዮ መስመሮች በሥራ መግቢያ ሰዓት ለሴቶች ብቻ የተለየ ፉርጎ አላቸው። ብቻውን የሚበላ ሰውም ብዙ ስለሆነ ማንም ዞር ብሎ አያይሽም። የመጨረሻው ባቡር እኩለ ሌሊት አካባቢ እንደሚቆም ብቻ አስቢ። ጃኬት ያዢ፤ ቀኑ ደስ ቢልም ማታው ይበርዳል። የትኛውን ፓስፖርት እንደያዝሽ አልነገርሽኝም። የአሜሪካ ከሆነ ለጉብኝት እስከ 90 ቀን ቪዛ አያስፈልግሽም። የኢትዮጵያን ከያዝሽ ግን ግሪን ካርድ ቢኖርሽም ቪዛ ከጃፓን ኤምባሲ መጠየቅ አለብሽ። ለእሱ ጊዜ ስጪው።

አንድ ፈተና እንደሚመጣብሽ ይታየኛል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቶኪዮ ናሪታ በሴኡል በኩል ስለሚበር «እግረ መንገዴን በአዲስ አበባ ልመለስ» ትዪ ይሆናል። አትበዪ። እግረ መንገድ አይደለም። እንደዚያ ካደረግሽ ከቶኪዮ የምትገዢው የስጦታ ሻንጣ፣ የሐኪም ቤቱ ሰልፍና የወንድምሽ ቤት ጉብኝት ሁለቱን ሳምንት ይበሉታል። እናትሽን ለማየት ሌላ ጊዜ፣ ለእሷ ብቻ ሂጂ። ይልቅ ኡዌኖ ተቀምጠሽ በቪዲዮ ደውዪላት። ቶኪዮ ከአዲስ አበባ በስድስት ሰዓት ይቀድማል። አንቺ ከቀትር በኋላ ዛፍ ሥር ስትሆኚ እሷ የጠዋት ቡናዋ ላይ ናት። ጎረቤቶቿም እዚያው ስለሚሆኑ ለሁሉም አሳያቸው። ያኔ ሥልጠና ላይ ነኝ ብለሽ ቢሆን ኖሮ ይህን ማድረግ አትችዪም ነበር።

የሌሊት ፈረቃ ፈቃድ በዚያ ሰሞን ቶሎ ስለሚያዝ ጥያቄሽን ነገውኑ አስገቢ። ለወንድምሽ እሑድ ደውዪለት፤ በቴክስት አትጻፊለት። በዚያው ቀን እናትሽንም አናግሪያት፤ ከእሱ ቀድማ ከአንቺ ትስማው። ትኬቱን ከእነዚህ ሁለት ስልኮች በኋላ ቁረጪ። እማዬ ምን እንዳለችሽ ጻፊልኝ።